ለውሻ ለቅሶ አይቀመጡም

አማርኛችን ውስጥ «ደመ ከልብ» የሚባል አነጋገር አለ። ከግዕዝ የመጣ ነው፤ ከልብ ማለት ውሻ ነው። የአንድ ሰው ደም ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ ሲባል ጠያቂ አጣ፣ ፍርድ ሳያገኝ ቀረ፣ በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው። አነጋገሩ የሚያዝነው ለሰውዬው ነው። ስለ ውሻው ማንም አላሰበም። ግን በዚያው አፍ ስለ ውሻውም ፍርድ ሰጥቷል፦ የውሻ ሞት ማንም የማይጠይቀው ሞት ነው።

ታዲያ ውሻው የሞተበት ሰው የት ሄዶ ያልቅስ?

ጥያቄው የመጣብኝ ጥር 2017 ላይ ነው። ቡቺ የሚባለው ውሻችን አፍንጮ በር፣ ባደገበት ግቢ ውስጥ ሞተ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እያለሁ በካርቶን ይዤው የገባሁት ቡችላ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮን ኖሯል። ኩላሊቱ ደክሞ ነበር፤ ሐኪሙም «ዕድሜ ነው» አለን። ሥራ ቦታ ፊቴን ያየ ጓደኛዬ «ማን ሞተብህ?» አለኝ። «ውሻዬ» ስለው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መሳቁ ራሱን ከበደው፣ ከዚያ ሁለታችንም ወደየስክሪናችን ዞርን። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። እናቱ ለሞተችበት ሰው ምን እንደሚባል ያውቃል። ለዚህኛው ግን ማንም ምንም አላስተማረውም።

እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። አንድ ነገር አልሠራ ሲለን ብዙ ጊዜ የኮዱን ታሪክ ወደኋላ እናያለን፦ ይቺን መስመር ማን ጻፋት? መቼ? ያኔ ምን አስቦ ነው? ዛሬ የሚያናድደን መስመር በተጻፈበት ቀን በቂ ምክንያት ኖሮት ይገኛል። ለውሻ ማልቀስ የሚያሳፍረን ለምን እንደሆነም በዚሁ መንገድ ወደኋላ ሄጄ ማየት ፈለግኩ።

ዝርዝር ውስጥ የሌለ ሐዘን

ሐዘን አያያዝ የማናውቅ ሰዎች ብንሆን ነገሩ ባልገረመኝ። ግን የአዲስ አበባን ያህል ለቅሶ የሚያውቅ ከተማ የት አለ? ሰው ሲሞት የእድር ጥሩምባ ይነፋል፣ ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይቀቀላል። ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል። ሠልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሰማንያ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሐዘንተኛው ምን ላድርግ ብሎ አይጨነቅም፤ ሰዉ ያደርግለታል። «እግዜር ያጥናህ» ይሉታል፣ «አሜን» ይላል፣ በቃ።

ይሄ ሁሉ ግን የሚሠራው በዝርዝር ነው። የእድር መተዳደሪያ ደንብ ለማን ሞት ምን እንደሚደረግ አንድ በአንድ ይቆጥራል፦ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ባል፣ ሚስት፣ ወንድም፣ እህት። ሕጉም እንደዚያው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ፣ ልጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ የሥጋም ሆነ የጋብቻ ዘመድ ሲሞት ለሠራተኛው ሦስት የሥራ ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ሰው ያለው ያለቅሳል። የሌለው ወደ ሥራው ይመለሳል።

ኬኔት ዶካ የሚባል አሜሪካዊ የሐዘን ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1989 ለዚህ ነገር ስም አውጥቶለታል። ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ዕውቅና የተነፈገ ሐዘን» እንደማለት ነው። ሰውዬው አጥቷል፤ አካባቢው ግን እንዳጣ አይቆጥረውም። ሳይወለድ የሞተ ልጅ፣ የተፋቱት ባል ወይም ሚስት፣ የቤት እንስሳ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሐሳቡን የወደድኩት ሐዘንን በሚዛን ስለማያስቀምጥ ነው። የትኛው ሞት ይበልጣል ብሎ አይጠይቅም። ሐዘንተኛው ብቻውን ቀርቷል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

ስሙን ለጌታው የሰጠ ፈረስ

ግን ሁልጊዜም እንዲህ ነበር ወይ? እስቲ ከአፍንጮ በር ወደ ፒያሳ ወረድ እንበል። ጊዮርጊስ ጋ ያለውን የምኒልክ ሐውልት የማያውቅ የለም። ንጉሡ ፈረስ ላይ ናቸው፣ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንስቷል። ሁላችንም ቀና ብለን የምናየው ንጉሡን ነው። ሆኖም ምኒልክን «አባ ዳኘው» ስንላቸው እየጠራን ያለነው የፈረሳቸውን ስም ነው። ዳኘው ፈረሱ ነው፤ «አባ» ደግሞ ባለቤቱ፣ ጌታው እንደማለት ነው።

ብቻቸውን አይደሉም። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ አሉላ አባ ነጋ ናቸው። በየቀኑ ድልድያቸውን የምንሻገረው ራስ መኮንን አባ ቃኘው ናቸው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ ይባላሉ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም አባ ጠቅል ነበሩ። ፎካሪው ሲፎክር፣ አዝማሪው ሲያወድስ ጌታውን የሚያነሣው በፈረሱ ስም ነው። አስቡት፤ ዳኘው የሚባለው ፈረስ ከሞተ መቶ ዓመት አልፎታል። ስሙን ግን ዛሬም ተማሪ ቤት ያለ ሕፃን ይጠራዋል።

ለቅሶ ላይም ፈረስ ቦታ ነበረው። የድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ጋሻው፣ ጦሩና ልብሱ ወጥቶ በለቃሹ መሀል ይመራ ነበር። ሰው ባዶውን ኮርቻ ሲያይ እንባውን መያዝ ያቅተዋል። እንስሳው ራሱ ለቀስተኛ ሆኖ ይቆማል ማለት ነው።

የሐውልቱም ታሪክ ያው የመቃብር ታሪክ ነው። በጥቅምት 1923፣ በኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ተመረቀ። ፋሽስቶች ሲገቡ ነቀሉትና መሬት ውስጥ ቀበሩት። ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ተመለሰ። አንድን ሕዝብ ለማዋረድ ፈልገው ንጉሡን ከነፈረሱ ቀበሩ፤ ሲነሣም ከነፈረሱ ተነሣ። ስለዚህ እንስሳን በስሙ ጠርቶ ማስታወስ ከፈረንጅ ፊልም የተቀዳ ነገር ነው የሚለኝ ካለ፣ ጊዮርጊስ ድረስ አብረን እንሂድ እለዋለሁ።

የግቢ ውሻ

ውሻ ግን ፈረስ አይደለም። ፈረስ የመኳንንት ነው፤ ውሻ የማንም ነው። ቤት አይገባም፣ ቤተ ክርስቲያንማ ጭራሽ። ስሙ ራሱ ስድብ ነው። ተረታችን ውስጥ ሲገባም ብዙ ጊዜ በጌታው በኩል ነው፦ «ባለቤቱን ካልናቁ ውሻውን አይመቱም» እንላለን። ዱላው ያረፈው ውሻው ላይ ነው፤ ተመታ የሚባለው ግን ጌታው ነው።

ከአፍንጮ በር ሽቅብ ስድስት ኪሎ ላይ ደግሞ አንበሳ ግቢ አለ። በ1940 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመ ነው። እኛ ሰፈር ያደገ ልጅ ሌሊት ነቅቶ የአንበሳ ድምፅ ሰምቶ ተመልሶ ይተኛል። ቡቺ መልስ ይሰጣቸው ነበር። አንበሳው የንጉሣዊው መንግሥት ምልክት ነበር፣ በገንዘብና በማኅተም ላይ ነበረ፤ ውሻው ከእኛ ግቢ ውጪ የሚያውቀው የለም።

ለውሻ ያለን ፍርሃትም ከመሬት የተነሣ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ሀገራችን ውስጥ ይሄን በሽታ በብዛት ወደ ሰው የሚያመጣው ደግሞ ውሻ ነው። ልጇ የተነከሰባት እናት ውሻ ብትጠላ ማን ይፈርድባታል?

ግን ሌላም መስመር አለ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን በምትቀበለው መጽሐፈ ጦቢት ውስጥ ጦብያ ከመልአኩ ጋር መንገድ ሲሄድ ውሻው አብሮት ይሄዳል። ቁርኣን ላይ በዋሻው ሰዎች ታሪክ ውስጥ ውሻቸው ደጃፉ ላይ አለ። ሁለቱም ሥራ አልተሰጣቸውም፣ ተአምር አልሠሩም። አብረው ስለነበሩ ብቻ ተጻፉ።

ቡቺም አብሮ ነበር። ግቢያችን ስድስት አባወራ ነው፣ ውሻው አንድ ነው። የሁሉንም እግር ኮቴ ለይቶ ያውቃል፤ ለእንግዳ ይጮኻል፣ ለመብራት ቆጣሪ አንባቢ በተለይ ይጮኻል። ከየቤቱ ትራፊ ይመጣለታል፣ ለዓውደ ዓመት አጥንት ይቆጠብለታል። ሁዳዴ ሲገባ እሱም ይጾማል፤ ምርጫ አልነበረውም። ሁለት ጎረቤቶች ተኳርፈው ለወራት ሳይነጋገሩ «ቡቺ በልቷል?» የምትለው ጥያቄ በመሀላቸው ትመላለስ እንደነበር አስታውሳለሁ።

የሉሉ መቃብር

አዲስ አበባ ውስጥ የመቃብር ድንጋይ የቆመላት ውሻ አለች። ሉሉ ትባላለች። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትንሿ ቺዋዋ ነች፤ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ከንጉሡ ጋር ትታያለች። የተቀበረችው በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩ በተሠራው ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ነው።

ፖላንዳዊው ጋዜጠኛ ሪሻርድ ካፑሺንስኪ እ.ኤ.አ. በ1978 ስለ ንጉሡ ባሳተመው መጽሐፍ መጀመሪያ ላይ ሉሉን ያመጣታል። እሱ እንደጻፈው ሉሉ የባለሥልጣናት ጫማ ላይ ትሸናለች፤ ያንን መጥረግ ብቻ ሥራው የሆነ ሰው ደግሞ ተቀጥሯል። መጽሐፉን የኢትዮጵያ ታሪክ አጥኚዎች በእውነተኝነቱ አጥብቀው ተችተውታል፤ ስለዚህ ታሪኩን ማመን ግዴታችን አይደለም። የሚገርመኝ ግን ዓለም ለምን ወዲያው እንዳመነው ነው። ያኔ የንጉሡ ውሻ ማስረጃ ሆና ነበር።

ማስረጃ ያደረጋትን ምሽት እናውቀዋለን። በ1965 እና በ1966 ወሎ ተራበ፤ ሕዝብ በአስር ሺዎች አለቀ፣ መንግሥትም ሸፋፈነው። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ቀርጾ እ.ኤ.አ. በ1973 ለዓለም አሳየው። ደርግ ይሄን ፊልም ወሰደና በመስከረም 1 ቀን 1967፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አስተላለፈ። ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ ምስል መሀል የቤተ መንግሥቱ ድግስ ተሰክቶበታል፤ ንጉሡም ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ ይታያሉ። በማግሥቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ ንጉሡ ከዚያው ሉሉ ካለችበት ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ።

ስፈልጋት የነበረችው መስመር ይቺ ትመስለኛለች። ከዚያ ምሽት በኋላ በዚህ ሀገር ውሻ መውደድ ንጹሕ ነገር ሆኖ አያውቅም። ሕፃኑ በረሃብ ሲሞትና ውሻው ሥጋ ሲበላ በአንድ ስክሪን ላይ አየን። «ሰው እየተራበ አንተ ለውሻ?» የሚለው ጥያቄ እዚያ ያደገ ነው። እናም መልስ የለውም፤ ምክንያቱም ክሱ እውነት ነበር። ሕዝብ አልቋል፣ ተሸፍኗልም።

ሆኖም ክሱና ማስረጃው አንድ አይደሉም። ጥፋቱ የወሎን ሰው አለማየት ነው። ሉሉን መውደድ አይደለም። ሉሉ ሥጋ ባትበላ ኖሮ ረሃቡ ይታይ ነበር? ንጉሡ ውሻ የማይወዱ ሰው ቢሆኑስ? ከንጉሡ በኋላ የመጡትን አየናቸው፤ በውሻ አይታሙም፣ በ1977 ረሃብ ግን አገር እንደገና አለቀ። ርኅራኄ ራሽን አይደለም፤ ለአንዱ ሲሰጥ ከሌላው አይቀነስም። እንዲያውም እኛ ግቢ እንዳየሁት አንዱን ማየት የለመደ ዓይን ሌላውንም ማየት አይከብደውም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ከዚህ ይከፋል። ንጉሡ በነሐሴ 1967 ሞቱ ተባለ። አስከሬናቸው በምስጢር በታላቁ ቤተ መንግሥት ውስጥ ከሲሚንቶ ወለል ሥር ተቀበረ። የተገኘው በ1984 ነው፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በክብር ያረፈው ደግሞ ጥቅምት 26 ቀን 1993። ለአሥራ ሰባት ዓመት ውሻቸው የታወቀ መቃብር ነበራት። እሳቸው አልነበራቸውም።

በዚያው ዘመን መቃብር ያጡት እሳቸው ብቻ ቢሆኑ ደግ ነበር። በ1969 እና በ1970 ቀይ ሽብር የዚህ ከተማ ልጆች ተገድለው መንገድ ላይ ተጣሉ። እናቶች እንዳያለቅሱ ተከለከሉ፤ ድንኳን የለም፣ ጥቁር ልብስ የለም። «ደመ ከልብ» የሚለው አነጋገር የሰውን ልጅ ቃል በቃል ያገኘው ያኔ ነው።

እንግዲህ «ለውሻ ታለቅሳለህ?» ብሎ የሚገረም ትልቅ ሰው ጀርባ ሁለት ነገር ቆሟል፦ ያልታየ ረሃብና ያልተለቀሰላቸው ሰዎች። ይሄን ካወቅኩ ወዲህ ጥያቄው አያናድደኝም።

እነ ቡቺ ግቢ

ሰፈራችን የሞተ ውሻ ብዙውን ጊዜ ወንዝ ዳር ይጣላል። እናቴ «አይጣልም» አለች። ከማዕድ ቤቱ ጀርባ፣ ጤና አዳሙ አጠገብ፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ቆፈርን። በአሮጌ ጋቢ ጠቀለልነው። ጸሎት አልተደረገም፣ ምንም አልተባለም። አፈሩን መልሰን እጃችንን ታጠብን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እማማ ጀበናቸውን ይዘው መጡ። ወንድማቸው በ1970 ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም፤ ድንኳን ሳይተከልለት ነው የቀረው። ይሄን የምናውቀው ስለሚያወሩት አይደለም፤ በየዓመቱ በዚያ ወር ዝም ስለሚሉ ነው። «ለውሻ?» ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። ተቀመጡ፣ ቡናውን ቀዱ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» አሉ። እናቴ «አሜን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ማልቀስ የሚከለከልበት ዘመን አይቻለሁ። አልቅስ፣ ማን ከለከለህ?» አሉኝ።

ያን ቀን ገባኝ። ሐዘን ሲያጡ የኖሩ ሰዎች በሌላው ሐዘን የግድ አይቀኑም። አንዳንዶቹ በሩን የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

ጃፓን ውስጥ ሃቺኮ የሚባል ውሻ ነበር፤ ታሪኩን ብዙዎቻችሁ በፊልም ታውቁታላችሁ። ጌታው ፕሮፌሰር ኡኤኖ እ.ኤ.አ. በ1925 ሲሞት፣ እስከ 1935 ድረስ ሺቡያ ባቡር ጣቢያ እየሄደ ጠበቀው። ገና በሕይወት እያለ በ1934 ሐውልት አቆሙለት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሐውልቱ ለብረቱ ሲባል ቀለጠ፤ በ1948 ሌላ ተሠራለት። እንደ ምኒልክ ፈረስ እሱም ጠፍቶ ተመልሷል።

ፒያሳ ውስጥ ሃቺኮዎች አሉ። ከ2016 ወዲህ አሮጌዎቹ ሰፈሮች ሲፈርሱ ሰዉ ወደ ኮንዶሚኒየም ሄደ። የግቢ ውሻ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ምን ያደርጋል? ብዙዎቹ ቀሩ። ከሥራ ስመለስ በር የነበረበት ቦታ ላይ የተኙ ውሾች አያለሁ። በሩ የለም፣ አጥሩ የለም፣ እነሱ ግን በር ላይ ናቸው። አንዳንድ ሰው ዳቦ ይወረውርላቸዋል። ከዚያ ወዲያ ማዶ፣ ከከተማው ጫፍ፣ ስለነሱ ለማንም የማይናገር ሰው እንዳለ እገምታለሁ። ቤቱን አጥቶ ለውሻው አዘንኩ ቢል ይሳቅበታል ብሎ ይፈራላ። እንዲህ ያለ ሰው ካገኛችሁ አዲስ ቃል መፈለግ አያስፈልግም። «እግዜር ያጥናህ» ይበቃል፤ አሮጌው ቃል ለዚህም ይሆናል።

የቡቺ መቃብር ድንጋይ የለውም። ስሙ ግን አልሞተም። ተማሪ ሳለሁ በሠራሁት የመጀመሪያ ፕሮግራም ላይ ለሙከራ የመዘገብኩት ተጠቃሚ ቡቺ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር በሠራሁ ቁጥር ሲስተሙን መጀመሪያ የሚሞክረው እሱ ነው። እኛ ሰፈር ደግሞ እንደምታውቁት የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብሎ ነገር ብዙም አይሠራም። ዕቃ የሚያመጣ ሞተረኛ ጠፍቶበት ሲጠይቅ የሰፈሩ ልጆች በእጃቸው ያሳዩታል፦ «ቀጥ በል፣ ከዚያ በግራ፣ እነ ቡቺ ግቢ።»